ለጋቢ የታሰበው ጥጥ

ዋሲላ ጥጡን በደጋን እየነደፈች ነበር። ጅማቱን በመታችው ቁጥር ጥጡ ብን ብሎ ይነሳና ተመልሶ ሰፌዱ ላይ ይከመራል። ለባሏ ለአብዱልሀኪም ጋቢ ልትፈትልለት ነው። አጠገቧ፣ ግርጌው በድንጋይ ከፍ በተደረገ አንገረብ አልጋ ላይ፣ ጣውንቷ ሁሪያ በጎኗ ተኝታለች። ሁሪያ ገና ልጅ ናት። በእርግዝናዋ ሰባተኛ ወር ቁርጠት ስለያዛት አዋላጇ እማ ኩብራ፣ «እግሯን መሬት እንዳታስረግጫት» ብለው ለዋሲላ ትተዋት ሄደዋል።

አብዱልሀኪምም ሱዳን፣ ወደ ገዳሪፍ ሲነሳ «ሁሪያን አደራ» ነበር ያለው። ዋሲላን ለማን አደራ እንዳለ አልተናገረም። ከዚያ ወዲህ ጣሊያንና እንግሊዝ ድንበሩ ላይ፣ ገላባት፣ መድፍ ይተኳኮሳሉ፤ መንገዱ ተዘግቷል።

ስንት ዓመት ልጅ ለምና ላጣችው ዋሲላ አንድ መመኪያ ቀርቷታል፤ ሁሪያ መፍተል አታውቅም።

«እታለም፣ እንስራው ባዶ ነው። ልቅዳ?» አለች ሁሪያ። «ተኝታ ትበላለች ይሉኛል እኮ።»

ዋሲላ አይሆንም ማለት ነበረባት። ጅማቱን መታችና ዝም አለች።

ልጅቷ ዝምታዋን እንደ እሺታ ቆጥራ ተነሳች። በሩ ጋ ሳትደርስ ወገቧን ይዛ ቁጭ አለች፤ የእንሽርት ውሃዋ ፈሰሰ።

ከቀትር በኋላ ሴት ልጅ ተወለደች፤ ከመዳፍ የማትተርፍ።

«ይቺማ አይጥ ናት» አሉ ተጠርተው የመጡት እማ ኩብራ፤ እጃቸው ግን አላረፈም። «ያንን ባዘቶ አምጪልኝ፣ ልጠቅልላት።»

«የጋቢው ነው፣ እማ ኩብራ።»

«በዚህ ሐሩር ባልሽ ጋቢ አማረኝ አለሽ?»

ዋሲላ ሰፌዱን አቀረበች። እማ ኩብራ ሕፃኗን በባዘቶው ጠቀለሏት። እናቲቱ ብርድ ብርድ ብሏት ስትንቀጠቀጥ ቆይታ እንቅልፍ ወስዷታልና፣ ሕፃኗን ዋሲላ ደረት ላይ አድርገው በነጠላ አሰሩላት። «እስክትነቃ ገላሽ ያሙቃት» ብለው እንግዴ ልጁን ሊቀብሩ ወጡ።

ያቺ ቁራጭ ነፍስ ደረቷ ላይ ተንፈራገጠች። በባሏ እንዲህ ቀንታ አታውቅም።

«እታለም» አለች ሁሪያ ዓይኗን ገልጣ። «ልጄ አለች?»

ዋሲላ አሁንም ዝም ማለት ትችል ነበር።

«አለች።»

ነጠላውን ፈታች። ሕፃኗን ከነጥጧ እናቷ ደረት ላይ አስተኝታ ሁለቱን አንድ ላይ አሰረቻቸው።

«ትንሽ ልቀመጥ?»

«አይሆንም። እንዳትነሺ። ውሃውን እኔ እቀዳለሁ።»

ሰፌዱ ላይ የቀረችውን እፍኝ ጥጥ ነድፋ ለቅያሪ አስቀመጠች። ከዚያ የደጋኑን ጅማት አላልታ ግድግዳው ላይ ሰቀለችው።