የመንገደኞች ቡራኬ

«የሰልማ አያት ያፋ ነው የተወለዱት፤ ያደጉበትን ቤት ለማየት እንኳ አይፈቀድላቸውም። እኔን ግን ረግጬው ለማላውቀው አገር በነጻ ትኬት ቆርጠው ‹ቤትሽ ነው፣ ነይ› ይሉኛል። ይሄ እንዴት ነው ቤት የሚሆነው፣ እማ?»

ይስካ ይህን ስትጠይቅ ፔርል ድንች ትልጥ ነበር። 

«ያንን ሳህን አቀብይኝ» አለቻት።

ጉዞው ለወጣት አይሁዶች የተዘጋጀ ነው፤ ወጪውን ለጋሾች ይችላሉ፤ እስራኤልን አሳይተው ይመልሳሉ። የይስካ መንትያ፣ ኤዝራ፣ ሻንጣውን መሸከፍ ጀምሯል። እሷም ተመዝግባ ነበር፤ ጋዛ ላይ የሚሆነውን ስታይ ከርማ ግን ስሟን አሰረዘች። ሰልማ በነርስ ትምህርት ቤት አብራት የምትማር ፍልስጤማዊት ጓደኛዋ ናት።

ፔርልን እንቅልፍ የነሳት የአርብ ማታ የሰንበት ገበታዋ ነበር። ባሏ ናታን ከሞተ ወዲህ በዚያ ገበታ ዙሪያ የቀሩት እሷ፣ መንትዮቹና ምድር ቤቱ ውስጥ የሚኖሩት አባቷ ዜሊግ ናቸው። ዜሊግ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በስደተኞች መጠለያ የተወለዱ ሰው ናቸው። የልጅ ልጃቸው ያንን አገር አላይም ማለቷን ገና አልነገረቻቸውም።

ካናዳ፣ ዊኒፔግ ባለው ምኩራባቸው፣ ከጉዞ በፊት ባለው ሰንበት ራቢው መንገደኞችን በስም ጠርተው፣ የጸሎት ሸማ ከላያቸው አስዘርግተው ይባርካሉ። በሳምንቱ መካከል ራቢው «ማን ማን ነው የሚሄደው?» ብለው ሲጠይቋት፣ አባቷ ከጎኗ ቆመው ነበር። የሁለቱንም ስም ሰጠች። ይስካ ሁልጊዜ ጸሎቱ ሊያበቃ ሲል ነው የምትደርሰው፤ ስሟ ሲጠራ አትኖርም ብላ ነበር።

የዚያን ሰንበት ግን ለወንድሟ ስትል በጊዜ መጣች።

«ኤዝራና ይስካ፣ የናታንና የፔርል ልጆች» ብለው ጠሩ ራቢው።

ይስካ ዞራ እናቷን አየቻት። ፔርል የጸሎት መጽሐፏ ላይ አቀረቀረች። ልጅቷ ተነስታ ወደ ፊት ወጣች።

«ራቢ፣ እኔ አልሄድም» አለች፤ ድምጿ ዝቅ ያለ ቢሆንም ሁሉም ሰማ። «ለወንድሜ ግን የሸማውን ጫፍ ልያዝለት።»

ራቢው ጫፉን ሰጧት። ኤዝራ ብቻውን ከሥር ቆሞ ተባረከ።

ከጸሎት በኋላ ሰው ሁሉ ዓሣና ብስኩት ወዳለበት ጠረጴዛ ሲጠጋ፣ ጎረቤቷ ሄኒ የፔርልን ክንድ ያዘች።

«እኛ እኮ ነጻ ከተባለ ሳል ባይኖርብንም የሳል ሽሮፕ እንወስዳለን። ይቺ ልጅ በማን ወጣች?»

«በራሷ» አለች ፔርል።

ዜሊግ ካፖርታቸውን ለብሰው በሩ ጋ ቆመው ነበር።

«እሷ በተቀመጠችበት ገበታ አልቀመጥም» አሏት። «እናቴ ስንቱን በር አንኳኩታ የከፈተላት አልነበረም። ይቺ የተከፈተውን ትዘጋለች።»

«አልዘጋችም፣ አባዬ። አልገባም ነው ያለችው።»

«ምን ልዩነት አለው?»

ፔርል ስንት ወር ሙሉ አንዱ የተናገረውን ለሌላው እያለዘበች ስታቀብል ኖራለች።

«ደክሞኛል፣ አባዬ። የእርስዎም ወንበር የእርስዎ ነው፤ የእሷም የእሷ። ማንንም ከገበታዬ አላስነሳም።»

ወደ ቤት ሲመለሱ በረዶው ከእግራቸው ሥር ይንኮሻኮሻል። ዜሊግና ኤዝራ ቀድመዋል።

«ስሜን የሰጠሽው አንቺ ነሽ?» አለች ይስካ።

«እኔ ነኝ። አያትሽ አጠገቤ ነበሩ።»

«ብትነግሪኝ አርፍጄ እመጣ ነበር።»

«ሳይነገርሽስ መቼ በጊዜ መጥተሽ ታውቂያለሽ?»

ይስካ ሳቅ አለች፤ ከዚያ ፊቷን በስካርፏ ሸፈነች። ፔርል ክንዷን ያዘቻት፤ እንደተያያዙ ቤት ደረሱ።

ኤዝራ ሰኞ ዕለት በረረ። ሐሙስ ዜሊግ ዕቃቸውን ይዘው ቶሮንቶ ወደምትኖረው ታናሽ ልጃቸው ሄዱ። አርብ ማታ ፔርል የሰንበቱን ሻማ ስታበራ ቤት ውስጥ የነበረችው ይስካ ብቻ ናት።