ከሰልፉ ውጭ የቆሙት

ኑሰይባ የጋቢናውን መስታወት በሻርፗ ጫፍ ትወለውላለች። ከውጭ የአዳማ አቧራ፣ ከውስጥ የአስራ ሁለት ሰው ትንፋሽ አደብዝዞታል። ሚኒባሱ ሞልቶ ከመናኸሪያው ከወጣ አምስት ደቂቃ አልሞላውም፤ ከኋላ ያሉት የዱከም ፋብሪካ ሠራተኞች ግን ከወዲሁ አንዱ በሌላው ትከሻ ላይ ተኝተዋል። አባቷ አብዱልመናን እንደ ልማዳቸው ሬዲዮውን ዝቅ አድርገው ዝም ብለው ይነዳሉ።

ጉልበቷ ላይ ባለው ማህደር ውስጥ አስራ ሁለት ገጽ አለ፤ የሁለት ዓመት ሥራዋ ነው። አራት ሰዓት ላይ አዲስ አበባ፣ ሦስት ገምጋሚዎች ፊት ትቀርባለች። ለጥናት የሚሰጠው ገንዘብ ስለ ወጣቶችና ስለ ኑሮ ልዩነት ለሚያጠኑ፣ ሦስተኛ ዲግሪያቸውን ከያዙ አምስት ዓመት ላልሞላቸው ብቻ ነው። ሁለት ጊዜ አመልክታ አልተሳካላትም። አምስት ዓመቷ በሰኔ ይሞላል። ከዛሬ በኋላ ሌላ ዕድል የላትም።

ቢሆንም አልፈራችም። ጥናቷን ታምነዋለች። አርባ ንጋት መናኸሪያው በር ላይ ቆማ፣ ወደ ፋብሪካ ለመሳፈር ከተሰለፉት ውስጥ በየአምስተኛው የቆመውን ወጣት ሁሉ ጠይቃለች፤ እስከ ስንተኛ ክፍል እንደተማረ፣ ከማን ጋር እንደሚኖር፣ ቁርሱን የት እንደሚበላ። አንድ ሰው ሳትዘል፣ አንድ ቁጥር ሳታጠጋጋ።

መስታወቱ ሲጠራ ሰዎች ታዩዋት። ከመጨረሻው ማደያ አለፍ ብሎ፣ መንገዱ በሚታጠፍበት ሜዳ ላይ፣ ሠላሳ የሚሆኑ ወጣቶች ጀርባቸውን ለነፋሱ ሰጥተው ቆመዋል። አንድ ባዶ የጭነት መኪና ፍጥነቱን ሲቀንስ ተንጋግተው ሮጡ። አንዲቷ ጫማዋን አውልቃ በእጇ ይዛለች።

«እነዚህ እነማን ናቸው፣ አባ?»

«የፋብሪካ ልጆች ናቸዋ።»

«ታዲያ መናኸሪያ ለምን አይመጡም?»

አባቷ ማርሽ ቀየሩ። የታክሲውን ሂሳብ በየቀኑ የማይችሉት እስከዚህ በእግራቸው እንደሚመጡ፣ የጭነት መኪና ሹፌሮች በትንሽ ነገር፣ አንዳንዴም በነፃ እንደሚጭኗቸው፣ ይህም ስድስት ዓመት እንዳለፈው በተረጋጋ ድምፅ ነገሯት።

ኑሰይባ ክው አለች። ስለ ድህነት የጻፈችው ጥናት የባሱትን ድሆች አላገኛቸውም። የጠየቀቻቸው ሁሉ ቢያንስ ተሰልፈው ለመሳፈር አቅም የነበራቸው ናቸው።

«ለምን አልነገሩኝም?»

«መቼ ጠየቅሽኝ?»

እውነታቸውን ነው። በእነሱ ቤት ልጅ አባቱን አስቀምጦ ወረቀት እያገላበጠ አይጠይቅም። እሷ ድፍረት እንዳይሆንባት ብላ ተወችው። እሳቸው ደግሞ መጠይቁን ጠረጴዛ ላይ አይተውት ነበር፤ ዩኒቨርሲቲ የምታስተምር ልጃቸውን ማረም አሳፍሯቸው ዝም አሉ። እንዲህ ሲከባበሩ ሁለት ዓመት አለፈ።

«እኔ ምን አውቃለሁ» አሉ አባቷ። «እናንተ የተማራችሁት፣ ሰው ተሰልፎ ካልቆመላችሁ መቁጠር አይሆንላችሁም ብዬ ነው።» ሊያስቋት ፈልገው ነበር። አልሳቀችም።

ዱከም ላይ ወርዳ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ መኪና ስትጠብቅ፣ አብራት ለምታስተምረው ለሉሊት ደወለች። ሉሊት ብዙ አላሰበችም። ማንም እንደማያውቀው፣ ገንዘቡ እጇ ከገባ በኋላ ቀስ ብላ እንደምታስተካክለው፣ ዛሬ አፏን ከፍታ ራሷን እንዳታስወጣ መከረቻት። ምክሩ ክፋት አልነበረበትም። ኑሰይባ እስከ አዲስ አበባ ድረስ በልቧ ስታገላብጠው ቆየች፤ በየመሃሉ ግን ያቺ ጫማዋን ይዛ የምትሮጥ ልጅ ትመጣባታለች።

አዳራሹ ለአራት ሰው በጣም ሰፊ ነበር። ከገምጋሚዎቹ መካከል የተቀመጡት ዶክተር ሸዋወርቅ ጸጉራቸው ሙሉ በሙሉ ሸብቷል፤ በጣቶቻቸው መካከል እርሳስ ያንቀሳቅሳሉ። ኑሰይባ ማህደሯን ሳትከፍት ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

«ከመጀመሬ በፊት፣ ጥናቴ ውስጥ ያለ አንድ ስህተት ልናገር» አለች።

ሰልፉን፣ ማደያውን፣ የጭነት መኪናውን አንድ በአንድ ነገረቻቸው። የሰበሰበችው መረጃ ውሸት አይደለም፤ ግን ግማሽ ነው። ገንዘቡን ብታገኝ ናሙናዋን ከመንገዱ ዳር ጀምራ እንደ አዲስ ትወስዳለች። አንደኛው ገምጋሚ ሰዓቱን አየ።

ዶክተር ሸዋወርቅ እርሳሳቸውን አስቀመጡ። «ይህን ያወቅሽው መቼ ነው?»

«ዛሬ ጠዋት።»

«ያረመሽ ባለሙያ ማን ይባላል?»

ከትምህርት ቤት ጀምሮ «የአባት ሥራ» የሚል ባዶ ቦታ ባጋጠማት ቁጥር፣ ኑሰይባ «የግል» ብላ ጽፋ ታልፈው ነበር። ቀና አለች።

«አባቴ ናቸው። አብዱልመናን ኢስሃቅ ይባላሉ። የዱከም መስመር ሹፌር ናቸው።»

ይህን ስትል ቁመቷ የጨመረ መሰላት። ዶክተር ሸዋወርቅ አላመሰገኗትም፤ ፈገግም አላሉም። የናሙናውን ዕቅድ አስተካክላ በሁለት ሳምንት ውስጥ እንድታመጣ፣ ውሳኔው ከዚያ በኋላ እንደሚሆን ነገሯት። ስትወጣ ግን ጠሯት።

«ሹፌሩን በስማቸው ጥቀሻቸው።»

አዳማ ስትመለስ አስር ሰዓት አልፏል። አባቷ መናኸሪያው ውስጥ ተራቸውን እየጠበቁ፣ ጋቢናው ውስጥ የተቀደደ የወንበር ልብስ ሊሰፉ ከመርፌ ጋር ይታገላሉ። ክሩ አልገባ ብሏቸዋል። ተቀብላቸው አስገባችውና እየሰፋች ሁሉንም ነገረቻቸው። አንድም ጊዜ አላቋረጧት።

አጠገባቸው መኪናውን ያቆመው፣ ዲዳ የሚባለው ሹፌር አንገቱን በመስኮት አወጣ። «አካም፣ ዶክተር! ገንዘቡን አፈስሽው?»

«ገና ነው» ብለው አባቷ ቀደሙ። «ስህተት ተገኝቶባት እያረመች ነው።» ደረታቸውን ነፍተው ነበር።

ዲዳ እንዲህ በኩራት የሚነገር ስህተት ሰምቶ ስለማያውቅ ግራ ገባው። «ማን አገኘባት?»

«የመስመሩ ሰው።»

ዲዳ አንገቱን ሲመልስ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ምን ብለሽ ነው የምትጽፊኝ?»

«አብዱልመናን ኢስሃቅ፣ የዱከም መስመር ሹፌር።»

ጥቂት አሰቡ። «ሃያ ስድስት ዓመት የሠራ በይበት።»

«እሺ። ግን መጀመሪያ በደንብ እጠይቅዎታለሁ። ስልሳ ሁለት ጥያቄ ነው።»

«ስልሳ ሁለት?» አሉና መሪውን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉት። «እስከ ዱከም ያለው መንገድ ይበቃናል።»

ተራ አስከባሪው ጠራቸው። ተሳፋሪዎች በሩ ላይ መጋፋት ጀመሩ። ኑሰይባ የመጨረሻውን ስፌት ቋጠረች፣ ክሩን በጥርሷ በጠሰች፣ መርፌውን በክሩ ጥቅል ላይ ሰክታ የበሩ ኪስ ውስጥ አስቀመጠችው።