ሠላሳ ላይ የተገደበው እሽቅድምድም

የልጅ ልጄ ሕሊና ኮምፒውተር ላይ የመኪና እሽቅድምድም ትጫወታለች። የአሶሳ ሙቀት ቆርቆሮውን ሲያግለው ማሽኑ እንደ ወፍጮ ይጮኻል፤ እኔም ይፈነዳብናል እያልኩ እጨነቃለሁ። "ወይ ዝም አሰኚው፣ ወይ ከቤቴ አውጪልኝ!" ብያት ነበር። አንድ ቀን ዝም አሰኘችውና መረቅኳት።

ቅዳሜ ከሰዓት ከአንድ የባምባሲ ልጅ ጋር በኢንተርኔት የፍጻሜ ውድድር ነበራት። ያሸነፈ አዲስ አበባ ሄዶ ይወዳደራል። እኔና ጓደኛዋ ቀነኒ ከኋላዋ ተቀምጠን እናያለን። መኪናዋ መታጠፊያ በደረሰች ቁጥር ዘግይታ ትታጠፍና አጥሩን ትመታለች።

"ምን ነካት? እጇን አሟታል እንዴ?" አልኩ።

"እጇስ ደህና ነው፣ እማማ። በሰከንድ የሚመጣላትን የምስል ብዛት ሠላሳ ላይ ገድባዋለች። የልጁ መቶ ሃያ ነው፤ መታጠፊያውን ቀድሟት ያየዋል።"

"ለምን ብላ ገደበችው?"

"ምስሉ ሲበዛ ማሽኑ ግሎ ይጮኻላ! እርስዎ እንዳይደነግጡ ብላ ነው።"

ከመቀመጫዬ ብድግ አልኩ። "ሕሊናዬ፣ ልቀቂው! ይጩኽ እንዳሻው!"

"አሁን ለመቀየር ከጨዋታው መውጣት አለብኝ፣ እማማ። ከወጣሁ ደግሞ ተሸነፍኩ ማለት ነው" አለች ዓይኗን ሳትነቅል።

የመጨረሻው ዙር ነበርና ልጁ ቀድሟት ገባ። ሕሊና ማዳመጫዋን አውልቃ ዞር ብላ አየችኝ።

"ላብ በላብ ሆነሻል፣ እማማ። ውሃ ላምጣልሽ?"

ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።