ከፍራሽ ሥር የቆዩ ገጾች

ዶክተር ሄመን እስከ ቡራዩ ድረስ የመጣችው ከአንድ የሒሳብ መጽሔት የተላከ ደብዳቤ በእጇ ለመስጠት ነበር። የሒሳብ ሊቁ ጃለታ ከሞተ ሰባት ወር ሆኖታል። ሄመን ተማሪው ነበረች፤ አሁን እሱ ያስተምርበት በነበረው ክፍል ታስተምራለች። ባለቤቱ ዱርሲቱ ሃያ ስምንት ዓመት ኬሚስትሪ ያስተማረች ሴት ናትና መነጽሯን አድርጋ ራሷ አነበበችው።

መጽሔቱ የጃለታን የመጨረሻ ጽሑፍ ሊያትም ፈቅዷል። ገምጋሚዎቹ ግን አንድ ቦታ ላይ ቆመዋል፤ ከሦስተኛው እርምጃ ወደ አራተኛው እንዴት እንደተደረሰ አልገባቸውም። በአንድ ወር ውስጥ ማብራሪያ ካልደረሳቸው ጽሑፉ አይወጣም።

«እኔም ሁለት ሳምንት ታገልኩት፣ አዴ ዱርሲቱ» አለች ሄመን። «ጋሼ 'በቀላሉ እንደሚታየው' ብለው አልፈውታል። ለእሳቸው ቀላል ነበር፤ እኔ ግን አቃተኝ።»

«ዝርዝሩ በብሬል አለ። አስቀምጬዋለሁ» አለች ዱርሲቱ፤ ይህን ስትል ከብዙ ጊዜ በኋላ ደረቷ ቀና አለ።

ጃለታ የሱሉልታ ልጅ ነበር። በአራት ዓመቱ ኩፍኝ ዓይኑን ወሰደበት፤ በሰባት ዓመቱ አባቱ ሰበታ አምጥተው የዓይነ ስውራን አዳሪ ትምህርት ቤት አስገቡት። ከፍ ሲል ከሚያዩ ልጆች ጋር መማር ጀመረ። ሒሳብ ግን ለማያይ ልጅ አይሆንም ተብሎ፣ ክፍለ ጊዜው ሲደርስ እሱና መሰሎቹ ወደ ሜዳ ይሰደዱ ነበር። ሌሎቹ እየጨፈሩ ሲወጡ ጃለታና ጓደኛው ኩምሳ መስኮቱ ሥር ይቀመጣሉ። መምህሩ ሰሌዳው ላይ የሚጽፈውን ሁሉ ጮክ ብሎ የሚያነብ ሰው ነበር። የሒሳብ ምልክት በብሬል የሚያስተምራቸው ስላልነበረ ሁለቱ ልጆች የራሳቸውን ፈጠሩ።

ዩኒቨርሲቲ ሁለቱም ሕግ ተመደቡ። ኩምሳ በሁለተኛው ዓመት አባቱ ሞቱበትና ትምህርቱን ተወ፤ ሰበታ ተመልሶ በአንድ ፋብሪካ የስልክ ኦፕሬተር ሆነ፣ በዚያው ጡረታ ወጣ። ጃለታ ግን አንድ ዓመት ሙሉ ሳይመዘገብ ሒሳብ ክፍል እየገባ ተቀመጠ። በመጨረሻ አንድ አስተማሪ ሦስት ሰዓት በቃል ፈተነውና ክፍሉ እንዲቀበለው አደረገ። ከዚያ በኋላ ያቆመው አልነበረም። ሥራው ስለ መረቦች ነበር። ሰው ሲጠይቀው «ከሱሉልታ ሰበታ ስንት መንገድ ቢዘጋ ነው የማይደረሰው? እሱን ነው የማሰላው» ይላል። «ትራፊክ ፖሊስ ነኝ በላ!» ይሉታል፤ አብሯቸው ይስቃል።

ዱርሲቱ ሃያ ስድስት ዓመት አነበበችለት፣ የሚለውንም ጻፈችለት። ለራሱ በብሬል የሚወጋቸውን ምልክቶች ግን አላስተማራትም። «እነዚህ የእኔና የኩምሳ ናቸው» ይላት ነበር። ትንሽ ይከነክናት ነበር፤ ነግራው አታውቅም።

በማግስቱ ወረቀቶቹን በካርቶን አቃፊ ይዛ አየር ጤና ወረደች፣ ከዚያ የሰበታ ሚኒባስ ያዘች። አቃፊውን ጭኗ ላይ አድርጋ በሁለት እጇ ይዛው ሄደች።

ኩምሳ በራፉ ላይ ፀሐይ እየሞቀ ነበር። ስሟን ስትነግረው ተነሣ።

«አካም ጂርታ፣ ዱርሲ! ምን እግር ጣለሽ?»

የመጣችበትን ነገረችው። «በቀላሉ እንደሚታየው» የሚለው ላይ ስትደርስ አቋረጣት።

«ዕውሩ ጃለታ? እንደዚህ ብሎ ጻፈ?» እስኪያስለው ድረስ ሳቀ። «እኔ ብሆን መልሼ እልክለት ነበር።»

የመጀመሪያውን ወረቀት ሰጠችው። ጣቶቹ መስመሩን ይዘው ሄዱ። እሱ ያነባል፣ እሷ በደብተር ትጽፋለች። ሁለተኛውም እንደዚሁ አለፈ። ሦስተኛው ላይ ጣቶቹ ሄዱ፣ ተመለሱ፣ እንደገና ሄዱ።

«ይሄ ባዶ ነው።»

«ባዶ አይደለም። ነጥቦቹ ይታዩኛል።»

«አንቺ ታዪያቸው ይሆናል። ለጣት ግን የሉም። ተደፍጥጠዋል።»

ዱርሲቱ ወረቀቱን ወስዳ ወደ ፀሐዩ አዘነበለችው። ፈዛዛ ጥላ አለ። «አንድ፣ ሦስት፣ አራት» እያለች የነጥቦቹን ቦታ ትቆጥርለት ጀመር፤ እሱም ምልክቱን ይነግራታል። እንዲህ አድርገው ከገጹ ግማሹን አወጡ። አራተኛው፣ አምስተኛውና ስድስተኛው ላይ ግን ጥላም አልነበረም። ገምጋሚዎቹ የጠየቁት እርምጃ ያለው እዚያ ነበር።

«ምን ተጭኗቸው ነው?» አለ ኩምሳ።

ወረቀቱን ጭኗ ላይ አስቀመጠች። ከዚያ እንደ ክፍል ውስጥ ሙከራ፣ በቅደም ተከተል ነገረችው። በለቅሶው ቀን ቤቱ በሰው ተሞላ። አንዲት ጎረቤት ከጠረጴዛው ላይ አንድ ወፍራም ወረቀት አነሣች፤ ባዶ መስሏት ከሰል ስታራግብበት ዱርሲቱ ደረሰች። ቀምታት የቀሩትንም ሰበሰበችና ማንም የማይነካው ቦታ አስቀመጠቻቸው፤ ራሷ ከተቀመጠችበት ፍራሽ ሥር። ሳምንት ሙሉ ለቀስተኛ እየመጣ አጠገቧ ሲቀመጥ እሷ ወረቀቶቹን የጠበቀች መስሏት ነበር።

«እኔ ነኝ ያጠፋኋቸው» አለች።

ኩምሳ ፊቱን ወደ እሷ መለሰ። «እኔስ እዚያው ፍራሽ ላይ ሦስት ቀን አልተቀመጥኩም? የእኔ ክብደት ደግሞ ያንቺን እጥፍ ነው። ብቻሽን አትውሰጂው።»

ዱርሲቱ መነጽሯን አውልቃ ጠረገችና መልሳ አደረገችው።

«የጻፍሽውን ከመጀመሪያው አንብቢልኝ» አለ ኩምሳ። «ቀስ ብለሽ። ሒሳብ ከተውኩ አርባ ዓመት ሊሞላኝ ነው።»

አነበበችለት። ሦስት ጊዜ አስደገማት። ወረቀቶቹን እሱ ዘንድ ትታ ሄደች።

በአሥራ አንደኛው ቀን ደወለ። ዱርሲቱ ሄመንን ጠራች፤ ሦስቱ በስልክ ሁለት ሰዓት ያህል ቆዩ። እሱ በቃሉ ይናገራል፣ ሄመን ኮምፒውተሯ ላይ ትጽፋለች፣ ታቆመዋለች፣ ትጠይቀዋለች። «የጃለታን መንገድ አላገኘሁትም» አላቸው በመጨረሻ። «ይሄኛው የእኔ ነው። ይረዝማል፤ ግን ያደርሳል።»

ሄመን ሁለት ቀን መረመረችውና ተመልሳ መጣች። «ትክክል ነው፣ አዴ። አንድም ስንጥቅ የለውም።» ትንሽ ቆይታ ደግሞ፣ «ከጋሼ ማስታወሻ የተገኘ ብለን ብንልከው የሚጠይቀን የለም። ጽሑፉም የእሳቸው ብቻ ሆኖ ይወጣል» አለች።

ኩምሳ በስልኩ ድምጽ ማጉያ ይሰማ ነበር። «እንደሱ በሉ። እኔ ስልክ ሳገናኝ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ስሜ እዚያ ምን ይሠራል?»

ዱርሲቱ የፈለገችው ያንኑ ነበር። ከእንግዲህ ሌላ ጽሑፍ አይኖርም፤ የመጨረሻው የእሱ ብቻ እንዲሆን ሰባት ወር ስትመኝ ኖራለች። አሁን ሁለቱም እያመቻቹላት ነው፤ እሺ ማለት ብቻ ነው የሚቀራት። መስኮቱ ሥር የተቀመጡት ግን ሁለት ልጆች ነበሩ። አንዱን መልሳ ሜዳ ልታስወጣው ነው።

«አይሆንም» አለች። «የእሱ ገጾች በእጄ ጠፍተዋል፤ እንደዚያው ጻፊ። ይህን እርምጃ የሠራው ኩምሳ ነው። ስሙ ከጃለታ ስም ጎን ይግባ።»

«ዱርሲ» አለ ኩምሳ። ከዚያ ጉሮሮውን ጠረገ። «ከፊቱ ምን ልትጽፉ ነው? ዶክተር አይደለሁ፣ ኢንጂነር አይደለሁ።»

«ምንም» አለች ሄመን። «ማዕረግ አይጻፍም።»

«ጃለታም ላይ?»

«እሳቸውም ላይ።»

«እንግዲያው ጻፊው። ኩምሳ ኦዳ።»

ሄመን ጻፈችና ኮምፒውተሩን ወደ ዱርሲቱ አዞረችው። ዱርሲቱ ጎንበስ ብላ ፊደሎቹን አንድ በአንድ አየች። ከዚያ ስልኩን ወደ አፏ አስጠግታ ሁለቱን ስሞች አነበበችለት።