የሰባኪው ማይክ

ብርቅዬ ከልጇ ከሳባ ጋር ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ከገባች ጀምሮ ዓይኗን ከአንድ ማይክ ላይ አላነሳችም። ሳባ ድራም ለምትመታበት የመዘምራኑ ቀረጻ ሦስት ማይክ አስፈልጎ ሁለቱ ተገኝተው ሦስተኛው፣ የሰባኪው፣ ከመድረኩ ወርዶ መጥቷል። ድምፅ የሚቀዳው ሸዋንዳኝ አንዱን ከትልቁ ከበሮ ፊት አቆመ፤ አንዱን ከናስ ሲምባሎቹ በላይ አንጠለጠለ። የሰባኪውን ግን፣ ሁልጊዜ ከአፍ ሥር ተይዞ ስለሚያውቀው፣ ወደ ትንሹ ከበሮ ቆዳ አስጠጋው።

«ሳቢዬ፣ በዱላው እንዳትነኪው! እሑድ ጉባኤው ፊት እንቢ ቢል የብርቅዬ ልጅ ሰበረችው ነው የሚባለው።»

«እሺ እማ።»

የመዘምራኑ መሪ ዳልጮ ኪቦርዱን ተደግፎ ቆሟል። «ዛሬ ፈረቃችን ነው፤ መብራት መሄዱ አይቀርም። እስከዚያ ድራሙ ካልሆነ ኪቦርዱ ውስጥ ባለው ምት እንቀዳለን።»

ሳባ ከንፈሯን ነከሰች። ለዚህች ቀን ብላ ክረምቱን ሙሉ ጓሮ ሙዝ ሥር ቁጭ ብላ ጀሪካን ስትደበድብ ከርማለች።

መታች። ሸዋንዳኝ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ጫን አድርጎ ፊቱን አጨማደደ። «የራሰ ካርቶን ነው የሚመስለው። ቆይ፣ ማይኩን ትንሽ ላስጠጋው።»

አስጠጋው። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ባሰ።

«ዝንብ ነው እንዴ የምታባርሪው?» አለ ዳልጮ፤ እጁን ወደ ኪቦርዱ ማብሪያ ሰደደ።

ብርቅዬ ያን ጊዜ ልብ አለች። ልጅቷ ዱላውን ባነሳች ቁጥር መጀመሪያ ማይኩን፣ ቀጥሎ እናቷን ታያለች። ቤት ውስጥ ብርጭቆ ስትይዝ ብርቅዬ ከኋላዋ «ይወድቃል! ይወድቃል!» ስትላት እንደምታደርገው ነው። ብድግ አለች።

«ሸዋንዳኝ፣ ይሄን ነገር አርቅልኝ።»

«እትዬ ብርቅዬ፣ ከራቀማ ጭራሽ አይሰማም።»

«አርቀው አልኩህ! ዱላዋ ከማይደርስበት አድርገው።»

እየተነጫነጨ ስንዝር ያህል አራቀው፤ ከጎን አዘነበለው።

«በይ ምቺ» አለች ልጇን። «ከተሰበረ እኔ ነኝ የሰበርኩት። እኔን አትዪ።» ዞራ ግድግዳውን ፊት ለፊት ይዛ ቆመች።

ምቱ የኩልፎ ወንዝ ሲሞላ ድንጋይ እንደሚያንከባልለው መጣ። የመስኮቱ መስታወት ተንቀጫቀጨ። ብርቅዬ ማይኩ ሲሰባበር፣ የተንጠለጠለው በልጇ ራስ ላይ ሲወርድ፣ መብራቱ ድርግም ሲል ታያት። ጥፍሮቿን መዳፏ ላይ ተክላ ቆመች እንጂ አልዞረችም።

ምቱ አበቃ።

«ይኸው!» ሸዋንዳኝ ጮኸ። «እስካሁን የት ደብቀሽው ነው? ወንድም ዳልጮ፣ ና ስማ እስቲ!»

ዳልጮ ማዳመጫውን ተቀብሎ ራሱን እየነቀነቀ እስከ መጨረሻው ሰማ። ከዚያ ኪቦርዱን ከሶኬቱ ነቀለው።

«ማይኩስ?» አለች ብርቅዬ፣ ፊቷ አሁንም ወደ ግድግዳው።

«ደህና ነው፣ እማ።»

«በደንብ አይተሽዋል?»

«አይቼዋለሁ። አሁን ዙሪ።»

«ቆዪ» አለች ብርቅዬ፤ ጥፍሮቿን ከመዳፏ አንድ በአንድ እየነቀለች።