ለገና የደረሱ ጥርሶች

ወንድሜ ጥርስ ሠሪ ነው። እኔ ሐኪሟ የሰው አፍ ውስጥ ስለካና ስነቅል እውላለሁ፤ እሱ ከጀርባ ባለችው ጠባብ ክፍል ጄሶ ያቦካል፣ ሰም ያቀልጣል፣ ይሞርዳል። አብረን በሠራንባቸው ዐሥራ ዘጠኝ ዓመታት እሱ የሠራው ጥርስ አንድም ቀን ተመልሶ አልመጣም። ይህን የምናገረው ልኮራበት አይደለም፤ በዚያ የገና ሰሞን የሆነው ነገር በስህተት እንዳልሆነ እንዲታወቅልኝ ነው።

ገና ስምንት ቀን ሲቀረው አንድ ግዙፍ ሰውዬ ከሚስቱ ጋር መጣ። በሩን አላንኳኳም፤ ገፋው። ወረፋ የሚጠብቁትን ሦስት ሰዎች አልፎ ገብቶ የታካሚው ወንበር ላይ ዘፍ አለና፣

“ዶክተርዬ፣ የላይ ጥርሴ አልቋል። ለገና ይድረስልኝ። ልጆቼም የልጅ ልጆቼም ይሰበሰባሉ፤ ንግግር አደርጋለሁ። በድድ ደግሞ ንግግር አይደረግም” አለኝ።

“ስምንት ቀን እኮ አጭር ነው።”

“ይደርሳል!” አለ። ይደርሳል ወይ ብሎ አልጠየቀም።

ከጀርባው ክፍል ይሰማ የነበረው የሞረድ ድምፅ ቀጥ አለ። ወንድሜ በሩ ላይ ብቅ ሲል ፊቱ እጁ ላይ ካለው ጄሶ ይበልጥ ነጥቷል።

“አንተ! ፉጨት! ፉጨት አይደለህም?” አለ ሰውዬው ጭኑን እየመታ።

ፉጨት ወንድሜ ነው። አምስተኛ ክፍል ሳለ ይኸው ሰውዬ፣ ያኔ ‘ትራክተር’ ይሉት የነበረው፣ በትምህርት ቤቱ የውሃ ቧንቧ ላይ ፊቱን ደፍቆት የፊት ጥርሱን ሰበረው። ከዚያ ወዲያ ወንድሜ ‘ሰ’ ባለ ቁጥር ነፋስ በክፍተቱ እያፏጨ ይወጣ ጀመር። ስሙን ያወጣለት ትራክተር ነው፤ ትምህርት ቤቱ በሙሉ ተቀበለው። ጥርሱ እስኪተካለት ድረስ ስድስት ዓመት ሙሉ ‘ሰ’ ያለበትን ቃል እየሸሸ ነበር የሚያወራው። ሰኞን እንኳ ‘ከእሑድ ቀጥሎ ያለው ቀን’ ይል ነበር።

ሰውዬው ወደ እኔ ዞረ። “የልብ ጓደኛዬ ነበር እኮ! ወድቆ ጥርሱን የሰበረ ዕለት ተሸክሜ ቤት ያደረስኩት እኔ ነኝ።”

“ወድቄ?” አለ ወንድሜ።

“ድሮም እግርህ አይጸናም!”

ሚስቱ ቦርሳዋን አቅፋ መሬት መሬቱን ታይ ነበር።

ከሄዱ በኋላ ወደ ጀርባው ክፍል ገባሁ። “ጋሼ፣ ሃምሳ ዓመት አልፎታል። ተወው።”

“ምን አልኩ?”

“ምንም አላልክም። የሚያስፈራኝም እሱ ነው።”

ጄሶውን ሲያማስል ቆየና፣ “እኔ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው። ሰው በተሰበሰበበት ይሳቅበት። አንዴ ብቻ፣ እታለም” አለ።

“ክሊኒኬ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር አይሞከርም።”

“ክሊኒክ ውስጥ ይሁን ማን አለ?”

ያኔ ነበር ሥራውን ነጥቄ ለሌላ ጥርስ ሠሪ መስጠት የነበረብኝ። አልሰጠሁም። እኔም ሞኝ ነኝ።

ሰው ሠራሽ ጥርስ መጀመሪያ በሰም ላይ ይደረደራል። ታካሚው ያንን አፉ ውስጥ አድርጎ ከስልሳ እስከ ሰባ ይቆጥራል፤ ‘ስልሳ ስድስት’ን በቅጡ የተናገረ አፍ ሌላው ቃል አያቅተውም። ትራክተር እንደ ወታደር ጥርት አድርጎ ቆጠረ፤ እኔም ፈረምኩ። ከዚያ ሰሙ ቀልጦ ይወጣና በቦታው ጠንካራው ፕላስቲክ ይገባል። ይህን ደግሞ እኛ ቤት ማንም ሁለተኛ አያስቆጥርም። ወንድሜ ከፊት ጥርሶቹ ጀርባ፣ ምላስ ‘ሰ’ ለማለት የሚጠጋበት ቦታ ላይ፣ የስንዴ ቅንጣት የምታህል ቦይ ሞረደ። ሦስት ቀን ፈጀበት፤ ሲጨርስም በጄሶ ቅርጹን አወጣ። በሕይወቱ እንደዚያ ተጠንቅቆ የሠራው ሥራ የለም። ይህን ሁሉ የነገረኝ ግን ውሃው ከፈሰሰ በኋላ ነው።

በዋዜማው “መንገዴ ነው” ብሎ ጥርሱን ራሱ አደረሰለት፤ እስከ ጠዋት ውሃ ውስጥ ይደር ብሎም አዘዘ። ሲመለስ ሁለታችንም ለገና ምሳ መጋበዛችንን ነገረኝ። ግብዣ የሚጠላ ሰው ሸሚዙን ሁለት ጊዜ ተኮሰ።

ትራክተር ቤት በረጅሙ ጠረጴዛ ዙሪያ ዐሥራ አራት ሰው ተቀምጧል፤ ድምፅ የሚያሰማው ሹካ ብቻ ነው። ትራክተር ብርጭቆውን ይዞ ተነሣ።

“ሰላም ለሁላችሁ!”

ከአፉ የወጣው ውሃ የፈላበት ማንቆርቆሪያ የሚያሰማው ዓይነት ድምፅ ነበር። “ስንሰባሰብ እንዴት ደስ ሲል!” ይኼኛውማ ባሰ። ውሻው ከግቢ እየሮጠ ገብቶ ጆሮውን ቀስሮ እግሩ ሥር ተቀመጠ።

ወንድሜን አየሁት። ሳህኑ ላይ አቀርቅሮ ጆሮው ቀልቷል፤ ሳቁን እየጠበቀ ነው። ሁሉም ነገር ገባኝና በጫማዬ ተረከዝ እግሩን ረገጥኩት። ግድግዳዬ ላይ የተሰቀለው የሥራ ፈቃዴ በዓይኔ ላይ ዞረ።

ማንም አልሳቀም። ወንዶች ልጆቹ ሥጋቸውን ይቆርጣሉ። ምራቶቹ የጠረጴዛውን ጨርቅ ያስተካክላሉ። ንግግሩ ሃያ አምስት ደቂቃ ሄደ፤ ስለ ሥነ ሥርዓት ነበር። በመሃል አንዲት የአምስት ዓመት ልጅ፣ “አያቴ ወፍ ዋጠ?” አለች። እናቷ አፏን አፈነቻት።

“ምን አለች?”

“መልካም ገና አለች፣ አባዬ።”

ሚስቱ ወደ እኔ ጠጋ ብላ፣ “ቀጭን ድምፅ ከጆሮው ከጠፋ ሦስት ዓመቱ ነው። የበሩን ደወል እንኳ አይሰማም” አለችኝ በሹክሹክታ።

ለወንድሜ አቀበልኩት። ሦስት ቀን ሙሉ የሰውየው አፍ ውስጥ የኖረ ባለሙያ፣ አንድ ስንዝር አልፎ ያለውን ጆሮ አልጠየቀም! የጥርስ ሠሪ ነገር! ፊቱ መጀመሪያ ገረጣ፣ ከዚያ ቀላ፣ ከዚያ ወንበሩን ገፍቶ ብድግ አለ።

“ጋሼ፣ ተቀመጥ” አልኩ። ማን ሊሰማኝ!

“እኔ አልወደቅኩም! አንተ ነህ ቧንቧ ላይ ደፍቀህ ጥርሴን የሰበርከው። እኔም እንድታፏጭ አድርጌ ሠራሁልህ። ይኸው እያፏጨህ ነው፤ ውሻው ምስክሬ ነው!”

ይኼን የወንድሜን ወፍራም ድምፅ ሰውዬው አንድም ሳይቀር ሰማው። ትራክተር ወንድሜን ትክ ብሎ አየው፤ ከዚያ አዲሶቹን ጥርሶች በሙሉ አሳይቶ ሳቀ።

“አላልኳችሁም? ከክፍላችን ቀልደኛው እሱ ነበር! ምን ትጠብቃላችሁ፣ ሳቁ እንጂ!”

ሳቁ። እንደታዘዙ ሳቁ፤ ወንዶቹም፣ ምራቶቹም፣ አፏ የታፈነው ልጅም። ወንድሜ፣ ስልሳን ያለፈ ሰው፣ እጁን ጭኑ መሃል ቀብሮ ቁጭ አለ።

ኮታችንን ልንወስድ ኮሪደር ስንወጣ ሚስትየዋ ተከተለችን። እኔ ቀድሜ፣ “እትዬ፣ ጥርሱን ነገ ይላኩልን፤ በአንድ ሰዓት እናስተካክለዋለን። ይቅርታ፣ አፈርኩ” አልኳት።

በሩን ከኋላዋ ዘጋች። “እንዳትነኩት!”

“ምኑን?”

“ሰውዬው ብቻውን ሲሄድም እያጉረመረመ ነው። ዛሬ ጠዋት ጥርሱን እንዳደረገ ገና ከመኝታ ቤት ሲነሣ ፉጨቱን ኩሽና ሆኜ ሰማሁት። ያቺ ትንሿ ልጅ ሰሃን ሰብራ ነበር። ጠረግን፣ ስብርባሪውን ደበቅን፣ ሁላችንም ሥራ ይዘን ጠበቅነው። በአርባ አንድ ዓመት ውስጥ ሳልደነግጥ የጠበቅኩት ዛሬ ገና ነው።”

ከውስጥ ፉጨቱ እየቀረበ መጣ። ሴትዮዋ አንገትጌዋን አስተካከለችና ድምጿን ዝቅ አድርጋ ተጣደፈች።

“እንደው ቢሰበርስ? ተቀያሪ ይሠራልኛል? ልክ እንደዚሁ?”

“በፍጹም!” አልኩ። “እኔ ሐኪም ነኝ፣ እትዬ! እንዲህ ያለ ነገር...”

ወንድሜ ኮቱን በግማሽ ለብሶ ቆሞ ነበር። “የጄሶ ቅርጹን አልጣልኩትም” አላት።