ለሽማግሌዎቹ የተነገረው

«ምን ጎደሎ ብትሆን እንደሷ የሚፈትል ቀጨኔ ውስጥ አልነበረም» አሉ ጎረቤቷ እትዬ ወለተማርያም። ማጽናናታቸው ነበር። በለቅሶው ድንኳን ያሉት ሴቶች ከንፈራቸውን መጠጡ።

ሸማኔው አቶ መሸሻ ከፍራሹ ላይ ቀና አሉ። ልጃቸው ጽጌረዳ በሳንባ ምች ሞታ ከተቀበረች ሦስተኛ ቀኗ ነው። ዱሮ ቢሆን ይህን ቃል በልጃቸው ላይ የተናገረ ሰው ከደጃቸው በሰላም አይወጣም ነበር። አሁን ግን በየትኛው አፋቸው ይቆጡ?

ጽጌረዳ ስትወለድ በግራ እጇ ላይ የነበሩት ሁለት ጣቶች ብቻ ናቸው። አዋላጇ «ጎደሎ ናት» ብላ ስታንሾካሽክ ሰምተው ከነነጠላዋ አስወጧት። ከዚያ ወዲህ በዚያ ቤት ቃሉ ለዕቃና ለቀን ብቻ ቀረ። ያልሞላ እንስራ ጎደሎ ነው፤ ክር የዘለለው ኩታ ጎደሎ ነው፣ ገበያ አይወጣም፤ ሥራ አልቀና ያለበት ቀንም ጎደሎ ቀን ነው። ልጃቸውን ግን እንዲያ ያለ ወዮለት! የገዛ ወንድማቸውን እንኳ በፋሲካ ማዕድ ላይ በጥፊ ብለውታል። ጽጌረዳም በሁለት ጣቶቿ ጥጡን ይዛ፣ በቀኟ እንዝርቷን እያሾረች፣ ምንም ሳይጎድላት አደገች።

«ጋሼ፣ ትንሽ ቅመሱ እንጂ» አለች የእህታቸው ልጅ ቡርቱካን። «ከቀብሩ ወዲህ እኮ እህል በአፍዎ አልዞረም።»

«ተይኝ አልኩሽ!»

ከሰባት ዓመት በፊት ነው። ጉታ የሚባል የሸጎሌ ከብት ነጋዴ ጽጌረዳን በመድኃኔዓለም ንግሥ አይቷት ሽማግሌ ላከ። ሽማግሌዎቹ በወጉ መሠረት በማለዳ መጥተው ደጅ ቆሙ። አቶ መሸሻ አስገቧቸው እንጂ ልባቸው ፈርቶ ነበር። ዓይናቸው ደክሟል፤ እሷ ከሄደች ማን ይፈትልላቸዋል? ከማን ጋር ያወራሉ? እንዲሁ እምቢ ቢሉ ደግሞ ሽማግሌ መመላለሱን አይተውም። የልጅን እንከን ቀድሞ መናገር የአባት ግዴታ ነውና፣ እሳቸውም ተናገሩ።

«ልጄ ጎደሎ ናት። እጇ ብቻ እንዳይመስላችሁ። አትወልድም፤ ሐኪም ነግሮኛል።»

ሽማግሌዎቹ ስለ ሐቀኝነታቸው መርቀዋቸው ሄዱ። ጽጌረዳ ከመጋረጃው ጀርባ ነበረች። በልጅነቷ ታማ ሆስፒታል ተኝታ ስለነበር አንድም ነገር አልጠየቀችም፤ አመነች። ከማግሥቱ ጀምሮ ስትፈትል ካልሆነ በቀር ግራ እጇን ከነጠላዋ ውስጥ አላወጣችም።

ዛሬ እኩለ ቀን ላይ ያ ጉታ ራሱ ለቅሶ ደረሰ። ፀጉሩ ሸብቷል። ጎንበስ ብሎ «እግዜር ያጥናዎት» አለ፤ ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ቀጠለ፦ «ያኔ እኮ ባትወልድም ግድ የለኝም ብያት ነበር። በሰው ነው የላክሁባት። እሷ ናት ‹ለጎደሎ ሰው ዕድሜህን አታባክን› ብላ የመለሰችኝ።»

አቶ መሸሻ ይህን አያውቁም ነበር።

«ውሸት ነው» አሉ።

«ምኑ?»

«ሐኪም ምንም አላለኝም። ብቻዬን መቅረት ፈርቼ እኔ ነኝ የፈጠርኩት። ልጄ ምንም አልጎደላትም!»

እትዬ ወለተማርያም አማተቡ። ጉታ ቀና አለ።

«እርስዎ ነገሯት?» አለ። «እሷ ውሸት መሆኑን ታውቅ ነበር?»

አቶ መሸሻ ራሳቸውን ነቀነቁ። አልነገሯትም። በሰባት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ አልነገሯትም። ወደ ፍራሹ ጠርዝ ተንፏቀቁና አጠገባቸው፣ የሟች ባል በሚቀመጥበት ቦታ ላይ፣ ለአንድ ሰው የሚበቃ ስፍራ ለቀቁ።

«ተቀመጥ፣ ልጄ።»

«ባለቤቴ ውጭ ቆማ ትጠብቀኛለች» አለ ጉታ። ባርኔጣውን አንስቶ ወጣ።

አቶ መሸሻ ወደ ቦታቸው አልተመለሱም። ጠርዙ ላይ እንደተቀመጡ ባዶውን ፍራሽ በመዳፋቸው ያስተካክሉ ጀመር። ቡርቱካን መጥታ እጃቸውን ብትይዝም አልተዉም።